የአባዬ የወረቀት ማህደር፦ የወላጅ ሕመም ልጅን ወደ ሕግ ትምህርት የሚወስደው እንዴት ነው?

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ሰሞን ስልኬ ይበዛል። የሚደውሉት ወላጆች ናቸው፤ አክስትና አጎትም አይጠፉም። ሐዋሳ ውስጥ ጥብቅና ስለምሠራ ስለ ሕግ ትምህርት ሊጠይቁኝ ነው። ዘንድሮ የደወሉልኝ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ባለቤቴ ኩላሊቱን ከታመመ አራት ዓመት ሆነው። ልጄ ሕግ ካልተማርኩ ብላ ድርቅ ብላለች። ለአባቷ አስባ ከሆነ ሕክምና አይሻላትም ነበር?»

ልጅቷን አላውቃትም። የምታድግበትን ቤት ግን አውቀዋለሁ። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ባለ ቤት ነው። ለእናቷ በስልክ የሰጠኋቸው መልስ ስላላረካኝ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ሥር የሰደደ ሕመም ሲባል ምን ማለት ነው?

ጉንፋን ይይዛል፣ ይለቃል። ሥር የሰደደ ሕመም ግን አይለቅም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ የኩላሊት ድክመት ከዚህ ወገን ናቸው። በመድኃኒትና በክትትል ይያዛሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጨርሶ ድኖ የሚረሳ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሌላውን ሊጎትትም ይችላል። በደንብ ያልተያዘ ስኳር ዓይንን፣ እግርንና ኩላሊትን ይጎዳል።

እንዲህ ያለ ሕመም ቤት ውስጥ ሲገባ የቤቱ ሰዓት ይቀየራል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቀኑን ሙሉ ምግቡንና መርፌውን ሲያሰላ ይውላል። የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ወደ 4 ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ ይሆናል። ከዚያ ካርድ ማውጣት አለ፣ ላቦራቶሪ አለ፣ ቀጠሮ አለ። ሪፈር ከተጻፈ ደግሞ ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ አስታማሚ። ሆስፒታል የተኛ ሰው ያለ አስታማሚ መዋሉ በእኛ ሀገር የሚታሰብ አይደለም። መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣው፣ ውጤት ተቀብሎ የሚሮጠው፣ ሐኪሙ ያለውን ለቤተሰብ የሚያስረዳው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ልጅ ነው። እናትየው ገቢ ለማምጣት ስትሮጥ፣ ማንበብ የምትችለው ትልቋ ልጅ ወረቀቱን ትይዛለች።

ሕመም ከሕግ ጋር ምን አገናኘው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን እንውሰድ። ዛሬ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ ይወሰድ፣ ተደምሮ ይቆጠራል። ክፍያው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

በቁጥር እንየው። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው ስድስቱንም ወር ቢታመም በመጀመሪያው ወር 8,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 4,000፣ 4,000 ያገኛል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ጤነኛ ቢሆን በ6 ወር 48,000 ብር ያገኝ ነበር፤ አሁን የሚያገኘው 16,000 ነው። አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ወደ አንድ ሦስተኛ አይወርድለትም።

ሕጉ የሕመም ፈቃድን የቆረጠው ታሞ ለሚድን ሰው ልክ ነው። እግሩ ለተሰበረ ወይም ትርፍ አንጀት ተሠርቶ ለወጣ ሰው ልብሱ ልኩ ነው። ስኳር ለያዘው ሰው ግን ይጠበዋል። እሱ ዛሬ ሁለት ቀን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሦስት ቀን። ቀኖቹ እየተጠራቀሙ ስድስት ወሩ ይሞላል። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

ሌላም አለ። ሠራተኛው ሲታመም አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፣ በቀረ ማግስት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብም አለበት። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ራሱን ስቶ ለተኛ ሰው ማን ያሳውቅለት? ማስረጃውን ማን ይዞ ይሂድ?

አስታማሚውም የራሱ ችግር አለበት። አዋጁ ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። እናቱን ሆስፒታል ለሚያስታምም ሠራተኛ ግን ለብቻው የተለየ፣ የሚከፈልበት ፈቃድ የለም። ያለው ልዩና ከባድ ነገር ሲገጥም የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነው። እሱም ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመት ከ2 ጊዜ ያልበለጠ። ሰው ሲሞት ለመቅበር የሚከፈልበት ፈቃድ አለ፤ እንዳይሞት ለማስታመም ግን የለም። ይህን ሳነብ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ይርጋ ምንድን ነው? ለታመመ ሰውስ ለምን ይከፋል?

ይርጋ ማለት መብትን ለመጠየቅ ሕግ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ነው። ጊዜው ካለፈ መብት ቢኖርህም ተከራካሪህ «በይርጋ ታግዷል» ብሎ ሊያስቆምህ ይችላል። በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው እስከተወሰነ ቀን ድረስ እንደሆነ ቁጠሩት። በሥራ ክርክር ውስጥ ያለ አግባብ ተባረርኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት ያለው ጊዜ 3 ወር ነው። ደመወዝና የመሳሰለውን ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ 6 ወር።

ይህን ቃል የሰማሁት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በ2004 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነበር። በእነዚህ ሁለት ገደቦች ላይ ግን ከዛሬው አይለይም።

አባዬ በአንድ የግል ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ስኳር ያለበት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሆስፒታል ተኛ። እማዬ ከእሱ ጋር ነበረች። እኔ ታናናሾቼን ይዤ ቤት ነበርኩ። ለመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም። «ያውቃሉ እኮ፣ ስኳር እንዳለበት ሁሉም ያውቃል» ተባባልን።

ከዚያ አንድ ሰው ፖስታ ይዞ ቤት መጣ። አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ስለቀረ ውሉ ተቋርጧል ይላል። እማዬ አንብባው ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ኋላ አስቀመጠችው። «ሲሻለው እነግረዋለሁ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። እማዬ ያደረገችው ማንኛችንም የምናደርገውን ነው። እኛ ለታመመ ሰው መርዶ አንነግርም። ክፉ ወሬ ሕመምተኛ ላይ አይጫንም ብለን ነው ያደግነው። ይህ ደግነት ነው። ሕጉ ግን ደብዳቤው ቡፌ ውስጥ ሲቀመጥም ቀኑን መቁጠሩን አላቆመም።

አባዬ ተነስቶ መራመድ ሲጀምር አራት ወር አልፏል። ሦስታችን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ከሚሠሩት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ወደ አንዱ ሄድን። እኔን የወሰዱኝ ወረቀቶቹ የት የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። ሰውየው ደብዳቤውን አየና «የደረሳችሁ መቼ ነው?» አለ። ነገርነው። በጣቱ ቆጠረ። «ወደ ሥራ መመለሱ በይርጋ ታግዷል። ሦስት ወሩ አልፏል» አለ።

አባዬ እማዬን አያት። እሷ መሬት መሬት አየች። ማንም ምንም አላለም።

ሰውየው ግን ቀና ልብ ነበረው። የአባዬን ወረቀቶች የማስቀምጥበትን ማህደር ተቀብሎ አገላበጠ። ያልተከፈለ ደመወዝ እንዳለ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ እንዳለ አየ። «ይሄኛው ስድስት ወር ነው፤ ገና ነው» ብሎ መጻፍ ጀመረ። በመጨረሻ ሥራው አልተመለሰም፤ ገንዘቡ ግን ተከፈለን። በእሱም የአራት ወር የቤት ኪራይ ከፈልን።

በዚያች ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አየሁ። ቀን ባለማወቅ ብቻ አንድ መብት ሲጠፋና ቀን በማወቅ ብቻ ሌላው ሲተርፍ። በዚያው ሰሞን ሕግ እማራለሁ አልኩ።

ታዲያ ሐኪም መሆን አይሻልም ነበር?

ይህ የእናትየው ጥያቄ ነው። ብዙ የታመመ ሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፤ ነርስና ፋርማሲስት የሆኑም አሉ። ልዩነቱን ያመጣው ልጁ ሕመሙን ያየበት ቦታ ይመስለኛል። አንዱ ልጅ የሚያስታውሰው ሐኪሙ እናቱን ሲያድን ነው። ሌላው የሚያስታውሰው መስኮት ነው። የካርድ ክፍል መስኮት፣ የገንዘብ ክፍል መስኮት፣ የነጻ ሕክምና ወረቀት የሚጻፍበት የቀበሌ መስኮት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር መስኮት። የእኛ ቤት ሐኪሞች የሚችሉትን አድርገዋል። ያቃተን መስኮቶቹ ጋ ያለው ነገር ነበር።

የጤና መድህኑን ብቻ እንይ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው የከተማ ሰው ነው። ደመወዝተኛውን እንዲሸፍን የታሰበው ሌላ ነው፤ የማኅበራዊ ጤና መድህን ይባላል፤ የመጀመሪያው አዋጁም ቁጥር 690/2002 ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ አባት ደመወዝ እያለው በአንደኛው አይገባም፣ ሁለተኛውም ገና አልተጀመረም ነበር። ሁለት ጃንጥላ አለ ተብሎ በመሃሉ ዝናብ የሚመታው ሰው ማለት ነው።

ጡረታም እንደዚሁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 715/2003። በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በሕመም ምክንያት መሥራት ያቃተው ሰው የዕድሜ ልክ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። አባዬ ከሥራ የወጣው አዋጁ በወጣ በዓመቱ ነው። ሥርዓቱ ሲጀመር የእሱ ጉልበት አልቆ ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ «ይሄን ማን ነው የጻፈው? ለምን እንዲህ ተጻፈ?» ማለት ይጀምራል። ያ ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ነው። ልጁ ስሙን ባያውቀውም።

በዚያ ዕድሜ ልጁ ምን ይማራል?

ሳያውቀው ብዙ ነገር። ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይማራል። ሐኪሙ ያለውን ሳያሳንስና ሳያጋንን ለአባቱ መንገር ይማራል። የቢሮ ሰው ሲቆጣ ሳይቆጣ መልሶ መጠየቅ ይማራል። «ነገ ና» ሲሉት «ነገ በስንት ሰዓት? ማንን ልጠይቅ?» ማለት ይማራል። የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ የማስረጃ ሕግ ሲማር ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የሕክምና ማስረጃ ማህተም የሌለው ሲሆን ምን እንደሚሆን በእግሩ ሄዶ ያወቀው ነው።

ይህን ስል ሕመም ለልጅ በረከት ነው እያልኩ አይደለም። የልጅነት ጊዜ ይበላል። ጓደኞቼ አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ፣ ሐይቅ ዳር ሊዝናኑ ሲሄዱ እኔ ወረፋ ላይ ነበርኩ። መምህሮቼ ለምን እንደምቀር ሳይጠይቁኝ ሰንፋለች ይሉ ነበር። አሁን መምህር የሆናችሁ ካላችሁ፣ በተደጋጋሚ ሰኞ ሰኞ የሚቀር ልጅ ካለ የቤተሰቡን የሆስፒታል ቀጠሮ ቀን ጠይቁ።

ውክልና ለምን እንዲህ አስፈላጊ ሆነ?

ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ውክልና ማለት አንድ ሰው በእኔ ፋንታ እንዲሠራ ሥልጣን የምሰጥበት ሰነድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል፤ ቤቱን መጠበቅ፣ ኪራይ መቀበል የመሳሰለውን። ልዩ ውክልና ደግሞ ለከበደው ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ በክርክር ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስና ለመከራከር በተለይ መጠቀስ አለበት። «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ብለው መጥተው መክሰስ እንደማይችሉ ስነግራቸው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሰነዱ ላይ በሌላ መልክ ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። አባት ስትሮክ መትቶት አእምሮው ከተያዘ በኋላ ልጅ በድሮው ውክልና ሲንቀሳቀስ ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ ሲዘጋጅ ይህ ነጥብ ይታሰብበት። የሚዘጋጀውም ሰውየው አእምሮው ሙሉ ሆኖ መፈረም ሲችል ነው። «አሁን ይሄን ማንሳት ይከብዳል» ተብሎ ሲዘገይ ጊዜው ያመልጣል።

ጥሩው ነገር የሥነ ሥርዓት ሕጉ ለቅርብ ቤተሰብ በር መክፈቱ ነው። ልጅ፣ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም ጠበቃ ባይሆኑም በውክልና ዘመዳቸውን ወክለው ችሎት መቆም ይችላሉ። ዛሬ ጥብቅና ላይ ካሉ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ ፊት የቆሙት ለእናታቸው የሆኑ አውቃለሁ።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ ያለ ነገር ነው?

አይደለም። በአሜሪካ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረችው ሩት ቤደር ጊንስበርግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች እናቷ በካንሰር ታማሚ ነበሩ። እናትየው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1950 ልጃቸው ልትመረቅ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ሕግ የመረጠችው በዚህ ምክንያት ነው ማለት አልችልም። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጉዳዮቿ አንዱ ሕመምተኛ እናትን ስለማስታመም መሆኑ ይገርመኛል።

ጉዳዩ የቻርልስ ሞሪትዝ ነው። የዴንቨር ከተማ ነዋሪ ነው፤ አግብቶ አያውቅም። የ89 ዓመት አዛውንት እናቱን ያስታምማል። ሥራ ሲሄድ የሚንከባከብለት ሰው ቀጠረ። ለዚህ ያወጣው ገንዘብ ከግብር እንዲቀነስለት ጠየቀ። የግብር ሕጉ ይህን ቅናሽ ለሴቶች ይፈቅዳል፤ ሚስቱ ለሞተችበት ወይም ሚስቱን ለፈታ ወንድ ይፈቅዳል። አግብቶ ለማያውቅ ወንድ ግን ክልክል ነው። ወንድ ልጅ እናቱን ያስታምማል ብሎ ያሰበ ሕግ አውጪ አልነበረም ማለት ነው። ክርክሩ ስለ 600 ዶላር ነበር። ጊንስበርግ ከባለቤቷ ከማርቲን ጋር ሆና ይግባኝ ብላ እ.ኤ.አ. በ1972 አሸነፈች። መንግሥት ሲከራከር ይህ ፍርድ ከጸና ሌሎች ብዙ ሕጎችም ይነካሉ ብሎ በጾታ የሚለዩ ሕጎችን ዝርዝር አያይዞ አቀረበ። ለእሷ ግን ያ ዝርዝር ቀጥሎ የሚሠራውን ሥራ የሚያሳይ ካርታ ሆነላት።

ትንሽ የሚመስል የአንድ አስታማሚ ጉዳይ ትልቅ በር እንደሚከፍት ለማሳየት ነው ያነሳሁት።

ሕግ የሚማር ሰው ይህን ችግር በየት በኩል ይነካዋል?

በብዙ በኩል። ጠበቃ ሆኖ የተባረረ ሠራተኛን ይወክላል። ነገረ ፈጅ ሆኖ ድርጅቱ ውስጥ ተቀምጦ የስንብት ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት «ይህ ሰው ሆስፒታል ነው» ይላል። እውነት ለመናገር እኛን ሊያድነን ይችል የነበረው እንዲህ ያለ ነገረ ፈጅ ነው። ዳኛ ይሆናል። ሕግ አርቃቂም ይሆናል።

ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎችም አሉ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አካል ጉዳተኛ ማን እንደሆነ ሲናገር የሰውየውን የረጅም ጊዜ ጉዳት ብቻ ሳይሆን በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚገጥመውን መሰናክልም ይቆጥራል። ታዲያ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሠራተኛ ከዚህ ጥበቃ ይጠቀማል? እኔ ሊጠቀም ይገባል እላለሁ። ሌላ ጠበቃ አይገባም ሊል ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ አለበት። ይህ ቃል ለአንድ ታማሚ ችሎት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ገና ብዙ መከራከር ይፈልጋል።

ገንዘብ የሌለውም መንገድ አለው። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ማመልከት ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎችም ልምድ ያላቸው አሉ። የእኛው ሰውዬ ምስክሬ ነው።

ልጅቷ ቁጭት ብቻ ይዛ ብትገባስ?

የእኛ ሀገር የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት ነው። ማንም «ለምን ሕግ መረጥሽ?» ብሎ ድርሰት አያጽፋትም። ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በኋላ የምትመደበው በምርጫዋና በውጤቷ ነው። የአባቷ ሕመም ነጥብ አይጨምርላትም። ምደባው ከቤት ሩቅ ሊሆንም ይችላል፤ ያኔ አባቷን ማን እንደሚያስታምም ቤተሰቡ ቀድሞ መነጋገር አለበት። በመጨረሻ የመውጫ ፈተና አለ። የሕግ ተማሪዎች ይህን ፈተና ከሌሎች ቀድመው ከ2003 ጀምሮ ሲፈተኑ ኖረዋል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ጥብቅና ለመቆም ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ይጠይቃል።

ቁጭት በር ያስገባል። አምስት ዓመት ሙሉ የውል ሕግና የንብረት ሕግ ለማንበብ ግን አይበቃም። የሚያቆያት ነገሩን ራሱን መውደድ ነው። አንቀጽ ከአንቀጽ ማጋጨት፣ አንድ «እና» ወይም «ወይም» የሚለው ቃል የሚያመጣውን ልዩነት መፈለግ ደስ የሚላት ከሆነ ትቆያለች።

ደጋግሜ የማየው አንድ ፈተና አለ። የታመመ ሰው ልጅ ደንበኛው ሲመጣ አባቱን ያያል። ያኔ ይቸኩላል፣ ይቆጣል፣ የማይሆን ተስፋ ይሰጣል። እኔም አድርጌዋለሁ። በይርጋ የታገደ ጉዳይ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንትን «እንሞክራለን» ብዬ ወራት አመላልሻቸዋለሁ። ሊባል የሚገባው በመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አለመንገርን ከቤቴ ይዤው መጥቼ ነበር።

ለልጅቷ እናት መጨረሻ ላይ ያልኳቸው ይህንን ነው። ክረምቱን ልጅዎን አንድ ሁለት ቀን ወደ ችሎት ይላኳት። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ። ከወደደችው አይከልክሏት። አባቷ ደግሞ የሚሠራ ከሆነ የሕክምና ማስረጃውን ዛሬውኑ ለመሥሪያ ቤቱ ያስገቡ፤ በአንድ ኮፒ ላይ የተቀበላቸው ሰው ይፈርምበት።

አባዬ አሁንም ክትትል ላይ ነው። ያ ማህደር ዛሬም አለ፤ ላስቲኩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ከሆስፒታል ስንመለስ ወረቀቱን ለእኔ ከመስጠቱ በፊት እስክሪብቶ ይፈልጋል። «እንኪ፣ መጀመሪያ የተቀበልንበትን ቀን ጻፊበት» ይለኛል።